ዶሮ የሌለበት የዶሮ ጣዕም

እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይህን የምጽፈው ከንፈሬ በልኩ ሆኖ ነው።

ከገና ጾም ጀምሮ እስከ ዳግም ትንሣኤ ድረስ በልኩ አልነበረም። አንድ ቀን የላይኛው፣ ሌላ ቀን የታችኛው፣ አንዳንዴም ከዐይኔ ቆብ ጋር አብሮ ያብጥ ነበር። የደረሰብኝን የምጽፈው ለእናቶች ነው፤ በተለይ ለሚጾሙት። ነገር አላበዛም።

አስካለ እባላለሁ። የምኖረው አቃቂ በሰቃ ነው። ባለቤቴ ግርማ እዚያው ሰፈር ብረት ይበይዳል። ልጃችን ሕይወት ቢሮ ትሠራለች፤ ከእኛ ጋር ናት።

ነገሩ የጀመረው በመኪና ነው። የገና ጾም ሊገባ ሰሞን ሳሪስ አቦ ገበያ ሄጄ ነበር። ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ የታሰረበት መኪና ቆሟል። ወጣቶች እየጨፈሩ ለሴቱ ሁሉ ቢጫ ሽርጥና ትንንሽ ፓኬት በነጻ ያድላሉ። ፓኬቱ ውስጥ የወጥ ማጣፈጫ የሚሉት ዱቄት አለ። ላዩ ላይ የተጠበሰ ዶሮ ሥዕል፤ ከሥዕሉ ሥር «የዶሮ ጣዕም»፤ ከዚያ ሥር በአረንጓዴ ቀለም፣ በትልቁ፣ «የጾም»።

«ልጄ፣ ዶሮና ጾም እንዴት አንድ ላይ ይሆናል?» አልኩት አንዱን።

«እናት፣ ዶሮ የለበትም እኮ! ጣዕሙ ብቻ ነው» አለኝ።

ሳቅን፤ ተቀበልን። ለአንድ ሰው አንድ እየተባለ ሦስት የወሰደች ነበረች። ጥሩወርቅ ናት፤ የማኅበሬ ሰው፣ የልብ ወዳጄ፣ ምላሷ ግን ምላጭ ነው።

የዱቄቱን ስም አልጠራም። ስም መጥራት ማክበር ነው።

ያን ቀን ማታ ክክ አልጫ ሠራሁበት። አልጫው እንደ ሽርጡ በራ። ግርማ ጣቱን ላሰና «ዛሬ ገና ወጥ ሠራሽ!» አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ ሽንኩርት ሳቁላላለት የኖርኩት ሴትዮ ሌላ ጭልፋ ጨመርኩለት። ከነጻው ፓኬት ወደሚሸጠው ዞርን። ከዚያ በኋላ ያለሱ የጾም ወጥ ከቤታችን አልወጣም፤ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም አንድ ዓይነት መቅመስ ጀመረ። ማኅበርተኞቼም እንደዚሁ። ስድስት ሴት በስድስት ምድጃ ላይ አንድ ወጥ የሚሠራበት ዘመን መጣ።

የመጀመሪያው ምልክት ማሳከክ ነበር፤ መዳፌንና የእግሬን ውስጥ። ቀጥሎ ሳማ እንደለበለበው ቀይ እብጠት ገላዬ ላይ ይወጣል፤ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ምልክት ሳይተው ይጠፋል። ከዚያ ከንፈሬ ተነፋ። ጥሩወርቅ መጥታ አየችኝና «ምች ነው፤ ምድጃ ላይ እያለሽ መትቶሻል» አለች። ዳማከሴ ጨምቃ አሸችኝ። ዳማከሴን አልነቅፍም፤ እግዚአብሔር ያበቀለው ቅጠል ነው። ያልሆነውን ነኝ ብሎም አያውቅም።

የገና ዕለት ቅቤ ወረደ፤ የጾሙ ዕቃ ሁሉ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ሕመሙም ለቀቀኝ። አቦ አዳኑኝ ብዬ የተሳልኩትን ስለት አገባሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ተመለሰ። ያውም ባሰበት። እኔ እስከ ቅዳሴ መውጫ ነው የምጾመው። ቤት ገብቼ እቀምሳለሁ፤ ሰዓት ሳይሞላ ማሳከኩ ይነሣል።

ግርማ አሰላው።

«ጾም ሲገባ ይመጣል፣ ጾም ሲወጣ ይሄዳል። ባዶ ሆድሽ ነው። ሌላ ምን ምስክር ትፈልጊያለሽ?»

ምስክሩ የሚያሳምን ነበር። ችግሩም እሱ ነው።

ወደ ሰፈራችን ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ቀዱ። እዚያ ክሊኒክ ገብቶ «ታይፎይድና ታይፈስ የለብህም» የተባለ ሰው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔም አለብኝ ተባልኩ። መርፌውን ጨረስኩ፤ ከንፈሬ ግን መርፌውን አላወቀውም። ወደ ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ ጨጓራ ነው አሉኝ። «ይጾማሉ?» አለኝ ሐኪሙ። «እጾማለሁ።» «ይተዉ።» የሽንት ቤቱን በር ዝጉ እንደሚባለው፣ እንደዚያ ቀለል አድርጎ ነው የተናገረው።

ሁለቱም ምን እንደበላሁ ጠይቀውኛል። ሁለቱንም «የጾም ነው» አልኳቸው። ከዚያ በላይ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ከዚያ በላይ መልስ ያለ አልመሰለኝም። የጾም ምግብ እኛ ዘንድ ንጹሕ ምግብ ማለት ነው። ሥጋ የለውም፣ ወተት የለውም፣ እንቁላል የለውም። ፓኬት ሳገላብጥም የምፈልገው እነዚህን ሦስቱን ብቻ ነበር። «የጾም» የሚለውን ያለመነጽር አነበዋለሁ። የቀረውን ከነመነጽሬም አንብቤው አላውቅም፤ እንዳይነበብ ተደርጎ ነው የተጻፈው።

«ይተዉ» የሚሉት ነገር ለእኔ ምን እንደሆነ ልናገር። ከሕይወት በፊት ሁለት ልጆች ቀብሬአለሁ። ያን ጊዜ ያለፍኩት በጾምና በስግደት ነው። ጾሜን ተዪ ማለት ገደል ላይ የያዝሽውን ገመድ ልቀቂ ማለት ነበር። ግርማ ይህን ያውቃል። እያወቀም ይቆጣል፤ ፈርቶ ነበርና። እሱ ጾም ከተወ ቆይቷል። «ሃይማኖትሽ ሊገድልሽ ነው» ይለኛል። ሕይወት በመካከላችን ሣህን ታነሣለች። ለግርማ የብየዳ መነጽር የተቀመጠው ገንዘብም ወደ መድኃኒት ቤት ሄደ።

ሌሊት ከመተኛቴ በፊት ጉሮሮዬን በእጄ እዳስስ ነበር። ስለ ሌሊቱ ይህን ያህል ይበቃል።

ሦስተኛው ክሊኒክ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ነበር። ወረፋው ረጅም ነው። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ቆሜ ሳለ አንዲት ሒጃብ የለበሱ እናት «ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ» ብለው ጠጋ አሉልኝ። ጉልበታቸው ላይ በጨርቅ የታሰረ የምሳ ዕቃ አለ።

«ለታሳሪ ነው?» አልኳቸው።

«ለልጄ። ጠዋት አስገብቼ ባዶውን ይዤ መምጣቴ ነው። ስኳሬን ልታይ ገባሁ።»

«ይመረምሩታል አይደል፣ ምግቡን?»

«በር ላይ ቅመሺ ይሉኛል። ከእያንዳንዱ። የሠራው ሰው ካልቀመሰው አይገባም።» ፈገግ አሉ። «መጀመሪያ ከፋኝ፤ ልጄን የምመርዝ መሰላቸው ብዬ። አሁን ሳስበው ደግ ሕግ ነው።»

ነገራቸው አልጠፋኝም። የዚያን ቀን ግን ለምን እንደያዝኩት አላወቅሁም። ሐኪሙ ለቁርጥማት የሚሆን ቅባት አዘዘልኝ። ለምን እንደሆነ እሱና እግዚአብሔር ያውቃሉ።

አንድ ዓርብ ከቅዳሴ መጥቼ ክክ አልጫ በላሁ። ማሳከኩ መጣ፣ ከንፈሬ መጣ፣ ከዚያ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። ሕይወትን ስጠራት ድምፄ የሌላ ሰው ሆነ። ግርማ ከነብየዳ ልብሱ አቅፎ ባጃጅ ውስጥ ከተተኝ። ሆስፒታል ስንደርስ የበሩ ጥበቃ ፊቴን ሲያይ ወረፋውን ከፍቶ አስገባን። ስሙን አላውቅም፤ በጸሎቴ ግን «የበሩን ሰው» እያልኩ አነሣዋለሁ። ጭኔ ላይ መርፌ ወጉኝ፤ ጉሮሮዬ ተከፈተ። ተመስገን።

«ምን በልተው ነበር?» አለ ተረኛው ሐኪም።

ግርማ ቀደመኝ። «ምንም አትበላም እኮ ዶክተር! ችግሩ እሱ ነው!»

«የጾም ነው የበላሁት» አልኩ እኔ።

እንግዲህ ማን የበለጠ ሞኝ እንደሆነ ፍረዱ። ሐኪሙ ሌላ ሰው ሊያተርፍ ይሮጥ ነበር፤ አልፈርድበትም። ኪኒን ሰጠኝ፤ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስያዘልኝ፤ ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ነው። «ጉሮሮ እንዲህ ከያዘ አትጠብቁ፣ ወዲያው ኑ» አለን።

የንስሐ አባቴ አባ ተክሌ መጥተው ጠየቁኝ። ግርማ በፊታቸው ከሰሰኝ።

«ልጄ፣ ጾም ለሕመምተኛ አይገደድም» አሉኝ። «አፍርሺ ብዬሻለሁ፤ በእኔ ነው።»

በንስሐ አባት ላይ አይሞገትም። በማግሥቱ ግርማ በገዛ እጁ እንቁላል ጠበሰልኝ። ምድጃ አጠገብ ቆሞ የማያውቅ ሰው። አይቼው እንባዬ መጣ። ጠብሶ ሲያበቃ ከመደርደሪያው ዱቄቱን አውርዶ ነሰነሰበት። «ብርታት ይሰጥሻል» አለኝ። እንቁላል ራሱ ቢጫ ነው፤ ፈጣሪ ያጎደለበት ቢጫ ያለ ይመስል።

በላሁ። አበጥኩ።

ግርማ ራሱን ያዘ። ቆይቶ «ጾሙ ገና ከሰውነትሽ አልወጣም» አለ። ሕይወት በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ ፊቷን አዙራ ሳቀች።

ኪኒኑ አለቀ። ሰሙነ ሕማማት ደረሰ። አባን ለመንኳቸው። «ሌላውን ታዝዣለሁ። ይህችን አንድ ሳምንት ተዉልኝ።»

«ሬሳዋን ላነሣ ነው!» አለ ግርማ።

አባ አስታረቁን። አክፍሎት የለም፣ እኩለ ቀን ላይ እቀምሳለሁ፣ ምልክት ካየሁ ወዲያው አቆማለሁ። በሕማማት ወጥ አልቀምስም። እቤት የጋገርኩት ዳቦና ውኃ፣ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ደግሞ ጉልባን፤ ስንዴና ባቄላ፣ ጨው። ሌላ ምንም።

ሰኞ ግርማ ከሥራ እየተመላለሰ ከንፈሬን አየ። ማክሰኞም አየ። ረቡዕ ላይ ማየቱን ተወ። ስቅለት ዕለት ሰግጄ ስመለስ ገላዬ እንደ ሕፃን ገላ ንጹሕ ነው። በዓመቱ ከባዱ ጾም ውስጥ ዳንኩ። ተመስገን አልኩ፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ፋሲካ ዶሮ በቅቤ በላሁ። ምንም። በነጋታው በላሁ። ምንም። ዳግም ትንሣኤ ጥሩወርቅ ጠራችን። እሷም ዶሮ ሠርታለች። ሁለት ጉርሻ አጎረሰችኝ፤ ቡና ሳይቀርብ ከንፈሬ ተነሣ። ማድ ቤቷ በር ላይ ያ ቢጫ ሽርጥ ተሰቅሏል። ዐይኔ እሱ ላይ ቀረ።

«ጥሩ፣ ዶሮው ላይ ምን ጨመርሽበት?»

«ምን እጨምራለሁ! እንደ ሁሉም ሰው ነው የሠራሁት።»

«ጥሩ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

«ኧረ ምንም! ማጣፈጫዋን ጣል አደረግሁ እንጂ።»

«ዶሮው ላይ? የዶሮ ጣዕም?»

«እንዲጣፍጥ ነዋ!» አለች።

ዶሮ አርዳ፣ ዶሮ ላይ ዶሮ የሌለበት የዶሮ ጣዕም ጨመረች። ሳቄ መጣ፤ ከንፈሬ ግን አልሳቅ አለኝ። ዶሮ አልጎዳኝም ነበር። ቅቤ አልጎዳኝም። ጾም አልጎዳኝም። በገና ጾም የነበረ፣ በገና ያልነበረ፣ በዐቢይ ጾም የነበረ፣ በግርማ እንቁላል ላይ የነበረ፣ በሕማማት ያልነበረ፣ አሁን ደግሞ በጥሩወርቅ ዶሮ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ብቻ ነው።

የቆዳ ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ፓኬቱን ይዤላት ሄድኩ፤ ሕይወት የምትጠጣውንም የብርቱካን ዱቄት አብሬ ያዝኩ፤ እሱም ብርቱካን የለበትም ብዬ ጠርጥሬ። ሐኪሟ የሁለቱንም ጀርባ በስልኳ አጉልታ አነበበች። ሰው ሠራሽ ቢጫ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም አጉሊ፣ እንዳይበላሽ የሚያቆይ ነገር። አንዳንዱ በስሙ ሳይሆን በቁጥር ነው የተጻፈው። ስሙን የደበቀ ምግብ!

«እናቴ፣ ልክ ልንገርዎት» አለችኝ። «ይህ ብዙ ሰው ላይ ምንም አያመጣም። እንደ እርስዎ ያለ ጥቂት ሰው ግን ሰውነቱ ይቆጣል። ቀለሙ ይሁን ሌላው በርግጠኝነት መናገር አልችልም። ከሁሉም ይራቁ፤ ተመልሰን እናያለን። በራስዎ ግን ቀምሰው እንዳይሞክሩ።» ድንገት ቢይዘኝ የምውጠውን ኪኒን አዘዘችልኝ።

«ጾሜስ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ጾሙ ምን አደረገ?»

ሦስት ክሊኒክ ዞሬ ያልሰማሁት ነገር ነው። እጇን ልስማት ስል ሸሸችኝ።

ከዚያ ወደ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ሸምሱ የሥልጤ ልጅ ነው፤ ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ። ያልተከፈቱትን ፓኬቶች መልሰህ ተቀበለኝ ልለው ነው።

«ሸምሱ፣ ይሄን ቤትህ ትበላዋለህ?»

«እኔ?» አለ ደንግጦ። «ኧረ እትዬ አስካለ፣ ሚስቴ ይሄን ይዤ ብገባ ከነፓኬቱ ታስወጣኛለች!»

«ታዲያ ለምን ትሸጠዋለህ?»

«ሰው ይጠይቃላ! ደግሞ ይዩት፤ በዚህ በኩል ለእናንተ «የጾም» ይላል፤ በዚህ በኩል ለእኛ «ሐላል» ይላል። ከሁሉም ጋር ተስማምቶ ይኖራል።»

«ሁለት ሃይማኖት ያለው ሰው ብድር ቢጠይቅህ ትሰጠዋለህ?»

«አልሰጥም።»

«ለዱቄት ሲሆን መደርደሪያ ሰጠኸው።»

ሸምሱ እየሳቀ ፓኬቶቹን ተቀበለኝ። መሸጡን አልተወም። እኔም አልጠበቅሁም።

ያኔ ነው የታሳሪው እናት ትዝ ያሉኝ። አንዲት ምስኪን እናት ለገዛ ልጇ የሠራችውን በር ላይ ቅመሺ ትባላለች። ይህን የቀመመውን ሰውዬ ማን በር ላይ ቆሞ ነው ቅመስ ያለው? የሠራው አይቀምሰውም፤ የሚሸጠው አይቀምሰውም፤ ያስተዋወቁት ልጆች ጨፍረው ሄዱ። የቀመስነው እኛ ነን። ሽርጥ ተሰጥቶን።

ፓኬቱን ለአባ ተክሌም አሳየኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡት።

«ዶሮ አለበት?»

«የለበትም አባ።»

«የዶሮ ጣዕም ነኝ ይላል?»

«ይላል።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የጾም ሕግ አይደለም» አሉና መለሱልኝ። «በሐሰት አትመስክር የሚለውን ነው ያፈረሰው።»

አሁን የማደርገውን ባጭሩ ልናገር። ሽሮዬን ራሴ አዘጋጅቼ አስፈጫለሁ፤ ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ፣ ጦስኝ። ሽንኩርቱን ጊዜ ወስጄ አቁላላለሁ፤ ዱቄቱ የሰጠን ነገር ቢኖር ስንፍና ብቻ ነው። አልጫ ቢጫ የሚሆነው በእርድ ነው፤ እርዱንም ሥሩን ገዝቼ እወቅጣለሁ። ሕይወት ብርቱካን ስትፈልግ ብርቱካን ትልጣለች። ሐኪሟ የተፈጥሮ የሆነም ነገር ሰው ላይ ሊነሣ ይችላል ብላኛለች፤ እውነት ነው። ግን ባቄላ ቢጎዳኝ ባቄላ እንደጎዳኝ አውቃለሁ። ባቄላ ስሙን አይለውጥም። እናንተም ገላችሁ ሲያሳክክ፣ ከንፈራችሁ ሲያብጥ፣ «ምን በላሽ?» ስትባሉ «የጾም» ብላችሁ አታቁሙ። ሣህኑ ውስጥ ያለውን አንድ በአንድ ተናገሩ። ጉሮሮ ከያዘ ደግሞ ዳማከሴም፣ ምክርም፣ የእኔም ጽሑፍ ይቆየን፤ ሆስፒታል ሩጡ።

ፍልሰታ ገባ። ግርማ አልተቃወመም፤ አባም ጹሚ ብለው ፈቀዱልኝ። የአቦ ማኅበር ወር በገባ በአምስት የእኔ ተራ ነበር። ሽሮና ክክ አልጫ ሠራሁ። ከቅዳሴ መልስ ሴቶቹ ተሰበሰቡ፤ አባ ባረኩ። እኔ ቀድሜ በሁሉም ፊት ከእያንዳንዱ ቀመስኩ።

ጥሩወርቅ ጎረሰች። አላመጠች። ጣሪያውን አየች።

«አስኩ፣ ሳትቀየሚኝ፤ ይሄ ሽሮ የሆነ ነገር ጎድሎታል።»

«አዎ።»

«ምን?»

«ውሸት።»

አባ ጽዋውን አስቀምጠው ሳቁ። ጥሩወርቅ «እሱስ ልክ ነሽ፣ ለምጄው ነው» አለችና ደግማ ጎረሰች። ስትወጣ በዕቃ ቋጥሪልኝ ያለችው እሷ ናት።

ሴቶቹ ሲሄዱ ግርማ በር ላይ ተቀመጠ። ሥራ ነበረው፤ አልሄደም። የሚያሳክከኝ ሰዓት መጣ። ዕቃ አጠብኩ። እሱ ያየኛል። ቤት ጠረግሁ። ያየኛል። ሰዓቱ አለፈ። ተነሥቶ አጠገቤ መጣና በጥቁር አውራ ጣቱ ከንፈሬን ነካ።

«የድሮው ነው» አለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት እንደ ልማዴ ቁርሱን አቀረብኩለት። ሣህኑን በቀስታ ገፋ አደረገው።

«ሸፍነሽ አስቀምጪው» አለ። «ከቅዳሴ ስትመለሺ አብረን እንበላለን።»